ለቤት የሚሆን ትንሽ የጊታር አምፕ፦ ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤሌክትሪክ ጊታር የገዛ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ጥያቄ ይጀምራል። "አሁን ምን ላይ ልሰካው?" ለእያንዳንዱ ከመመለስ መልሱን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። እዚህ ስለ አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ስለሚያጎላው ዕቃ፣ ያለው ሁሉ ቤቱ ለሚጫወት ሰው ነው። በተለይ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ተከራይቶ፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ኮርኒስ ተጋርቶ ለሚኖር። ለመድረክ አምፕ የሚፈልግ ሰው መጨረሻው አካባቢ አንድ ጥያቄ አለችለት።

አምፕ የግድ ነው? ጊታሩ ያለ አምፕም ይሰማል እኮ።

ይሰማል። ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ወር ጣት ለማፍታታት ይበቃል። ችግሩ ግን ያለ አምፕ የሚለማመድ ሰው ድምፁ ስለማይደርሰው ክሩን ከሚገባው በላይ መምታት ይለምዳል። ታፍኖ ዝም ማለት ያለበት ክር ሲንጫጫም አይሰማውም። አንድ ቀን የሰው አምፕ ላይ ሲሰካ ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር ያስፈልጋል። ቦክስ ጊታር ያላችሁ ግን ለቤት ምንም አያስፈልጋችሁም፤ ብራችሁን ለጥሩ ክር አውሉት።

ስንት ዋት ልግዛ?

ለአንድ ክፍል ከ3 እስከ 10 ዋት ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ሻጩም "ይሄ እኮ 50 ዋት ነው" እያለ ዋጋ የሚሰቅለው ለዚህ ነው።

ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ "ትንሽ ከፍ አለ" ብሎ የሚያልፈው ያህል። ጆሮ "እጥፍ ሆነ" የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። እና ስፒከራቸው እኩል ከሆነ 50 ዋቱ ከ5 ዋቱ የሚበልጠው በጆሮ እጥፍ ያህል ነው። 5 ዋቱ ራሱ እስከ ጫፍ ከተከፈተ አከራይዋ በር ላይ ናቸው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሚጠየቀው "ምን ያህል ይጮኻል?" ሳይሆን "ዝቅ ሲል ምን ይመስላል?" ነው። ትልቅ አምፕ ቤት ውስጥ የሚያናድደው ቮልዩሙ ነው። ዜሮ ላይ ዝም ይላል፣ ነካ ስታደርጉት ግቢውን ያነቃል፣ በመሃል ቦታ የለውም። አንዳንድ ኩባንያዎች ለዚህ መላ አበጅተዋል። ለምሳሌ ቦስ ካታና 50 ኃይሉን ወደ 25 ወይም ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርድ ማዞሪያ አለው።

ከዋቱ ይልቅ የስፒከሩን ስፋት ጠይቁ። 3 ኢንች ስፒከር ወፍራሙን ክር በደንብ አያወጣም፤ ድምፁ ይቀጥናል። 5 ኢንች ሲሆን ይሻሻላል። 8 ኢንች ከሆነ ለቤት አሪፍ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለቤት ቅንጦት ነው።

ጎረቤት የሚረብሸው ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ሳይሆን ቤዙ ነው፤ ግድግዳ አልፎ የሚሄደው እሱ ነው። አምፑን መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ማዕዘን ውስጥም አትወትፉት። ወንበር ላይ አድርጉት፣ ፊቱን ወደ ጆሯችሁ አዙሩት፣ ቤዙን ቀነስ አድርጉ። ለእናንተ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ግን ይቀንሳል።

ሞዴሊንግ የሚሉት ምንድን ነው? ቲዩብ አምፕ አይሻልም?

ቲዩብ አምፕ ማለት በውስጡ እንደ ድሮ ሬዲዮ የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉበት ነው። በድሮ ሙዚቃ የምንወደው ጊታር አብዛኛው በእሱ የተቀዳ ነው፤ ክብሩን ማንም አይነካበትም። ግን ያ ጣፋጭ የሆነ ሻከር ያለ ድምፅ የሚመጣው ቱቦው ሲጨናነቅ ነው። እንዲጨናነቅ ደግሞ ድምፁ መከፈት አለበት። 15 ዋት ቲዩብ አምፕ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከፍቶ "ጣዕሙ መጣ" ማለት አይቻልም፤ ጣዕሙ ሳይመጣ ጎረቤት ይመጣል። ዝቅ አድርጎ መጫወት ይቻላል፣ ያኔ ግን የከፈላችሁበትን ነገር አታገኙትም።

ሞዴሊንግ የዚያን አምፕ ባህሪ በኮምፒውተር ቺፕ አስልቶ ማስመሰል ነው። ክሩን ስትነኩ ምልክቱ ወደ ቁጥር ይቀየራል፤ ቺፑ "ይሄ ቱቦ ቢሆን ምን ያደርገው ነበር?" ብሎ አስልቶ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የተጨናነቀውን ድምፅ በሹክሹክታ ቮልዩም ታገኙታላችሁ። ይህን ነገር በሰፊው ያስለመደው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የላይን 6 ኩባንያ ፖድ የተባለ ዕቃ ነው። ዛሬ ኪስ የሚገባ ዕቃ ከእሱ የተሻለ ይሠራል።

ቲዩብን ለቤት የማልመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። ቱቦ ያልቃል፣ ይቀየራል፤ መለዋወጫው ደግሞ ሐዋሳ ገበያ ወጣ ብላችሁ የምትገዙት ዕቃ አይደለም። ያለ ስፒከር ከተከፈተም ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ገና "የመጀመሪያዬ ነው" የሚል ሰው ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግለታል?

እሺ፣ ስም ጥራልኝ። የትኛውን ልግዛ?

እንደ አኗኗራችሁ ነው። ሁሉም ሐዋሳ ላይ በአንድ ቀን አይገኝም፤ አንዳንዱን አዲስ አበባ ማስፈለግ፣ አንዳንዱን ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን ነው።

ማታ ብቻ ጊዜ ያለው፣ ወይም ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት የሚኖር ሰው ስፒከሩን ይርሳው። ጊታሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ትንሽ የሄድፎን አምፕ ይበቃዋል። ቮክስ አምፕላግ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል፤ ግን አንዱ አምፕላግ የአንድ ዓይነት አምፕ ድምፅ ላይ ያተኮረ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እዩ። ለንጹሕ ድምፅ ሜታል የሚለውን ገዝቶ የሚያማርር ሰው አይጠፋም። ፌንደር ማስታንግ ማይክሮ ሻል ያለ ነው። 12 ዓይነት አምፕ አለው፣ ቻርጅ ይደረጋል፣ እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፣ ከስልክ ዘፈን በብሉቱዝ ተቀብሎ ከጊታሩ ጋር ያሰማችኋል።

ስፒከር ካልሆነ አያምረኝም የሚል፣ ግን ክፍሉ ጠባብ የሆነ ሰው ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ይፈልግ። 5 ኢንች ስፒከር አለው፣ በ6 ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ብዙ ዓመት ገበያ ላይ ስለቆየ ያገለገለም ይገኛል። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ብላክስታር ፍላይ 3 ከእሱ ያንሳል፣ ስፒከሩም 3 ኢንች ነው። ለመጠኑ ግን ይገርማል።

ስልክ ላይ መነካካት የሚወድ ስፓርክ ጎ ወይም ስፓርክ ሚኒ ይሆነዋል። ሁለቱም ቻርጅ ይደረጋሉ። ድምፅ መቀየሩ በአብዛኛው በስልክ አፕ ነው። ይሄ ለአንዳንዱ ደስታ ነው። ለእኔ ግን ጊታር ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ስልክ ማንሳት ቴሌግራም ውስጥ ገብቶ መቅረት ነው።

የራሱ ቤት ያለው፣ ትንሽ ቦታ ያለው፣ ነገ ከጓደኛ ጋር መጫወት የሚያስብ ሰው ካታና 50 ይግዛ። 12 ኢንች ስፒከር አለው፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ይገባል። ባትሪ ግን የለውም።

ያማሃ ቲኤችአር ሳሎን ውስጥ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ የተሠራ ነው፤ ዘፈን ማዳመጫም ይሆናል፣ ዝቅ ብሎ ሲጫወት ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ዋጋው ግን ዋጋ ነው።

ከአምፕ ይልቅ ማልቲ ኢፌክት ፔዳል ብገዛስ?

ብዙ ዓይነት የድምፅ መለወጫ በአንድ ሳጥን የያዘ ዕቃ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሄድፎን እስካለ ድረስ። ዙም ጂ1 ፎር በ4 ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ አምፕ ማስመሰያ፣ ቱነር (ክር መቃኛ)፣ ሉፐር (የተጫወታችሁትን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ) እና የከበሮ ምት አለው። ጂ1ኤክስ ፎር የሚባለው በእግር የሚረገጥ ፔዳል ተጨምሮበት ዋህ ዋህ ያስጫውታል። ነገ ቸርች ወይም ባንድ ውስጥ ለሚገባ ሰው ይሄ ከትንሽ አምፕ ይልቅ አብሮት ይሄዳል። የሚጎድለው ያው ስፒከር ነው።

መብራት ሲሄድስ?

ባትሪ ያለውን የመረጥኩላችሁ ለዚህ ነው እኮ። ማታ መብራት ሄዶ ቴሌቪዥን ሲዘጋ ጊታር ለመለማመድ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ባትሪ ድንጋይ የሚበላውን ከገዛችሁ ግን ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮችን ከነቻርጀራቸው ግዙ፤ በየጊዜው አዲስ መግዛት ኪስ ያራቁታል። በዩኤስቢ የሚሠራውን ደግሞ ፓወር ባንክ ይይዘዋል።

መብራት ሲሄድ አምፑን ከሶኬት ንቀሉ። አደጋው ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ለፍሪጅ የምታደርጉትን ለእሱም አድርጉለት።

አሜሪካ ያለ ዘመዴ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ልንገረው?

አዳፕተሩ ላይ ወይም የአምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከዚያ በፊት እንዳይከፍል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አይዟችሁ፣ የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ገዝታችሁ ትሰኩታላችሁ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ነው፤ በቀጥታ ከተሰካ ጢሱ ይወጣል። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ደግሞ 100 ቮልት የሚል ታገኛላችሁ፣ እሱም ያው ነው።

ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል። ግን ለትንሽ አምፕ አዳፕተሩን ብቻ እዚሁ መቀየር ይቀላል። አዲሱ አዳፕተር ሦስት ነገር ይመሳሰል፦ ቮልቱ ልክ ያው ይሁን፣ አምፔሩ ከድሮው እኩል ወይም በላይ ይሁን፣ የጫፉ ፖዘቲቭና ነጋቲቭ ይግጠም። ይቺን ሦስተኛዋን ሰው ይረሳታል። አብዛኛው የጊታር ፔዳል መሃሉ ነጋቲቭ ነው፣ የራውተር አዳፕተር ደግሞ በብዛት መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። "ጫፉ ገባ" ማለት "ይሠራል" ማለት አይደለም። ስዕሉ አዳፕተሩ ላይ አለ፣ አነጻጽሩት።

ባትሪ ብቻ ወይም በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ዕቃ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም። ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይወስድም፤ ዘመድም አይሰለችም።

ብሉቱዝ ሄድፎን አለኝ። በእሱ መጫወት እችላለሁ?

አይሆንም። ዘፈን ለማዳመጥ ጥሩ ነው፣ ለመጫወት ግን ድምፁ ይዘገያል። ተራ ብሉቱዝ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ ክሩን መታችሁ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። እጃችሁ ምቱን ያጣል። ባለ ገመድ ሄድፎን ግዙ፣ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ስልክና ላፕቶፕ ብቻ ቢኖረኝስ?

ላፕቶፕ ካለ ጥሩ መንገድ አለ። ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባል ትንሽ ሳጥን ትገዛላችሁ፤ ጊታሩ በእሱ በኩል ይገባል። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፦ ኒውራል አምፕ ሞዴለር ነጻ ነው፣ ጊታር ሪግ እና አምፕሊቲዩብም ነጻ ስሪት አላቸው። ድምፁ ውድ ከሆነ ዕቃ ጋር ይፎካከራል። ኢንተርፌሱ ነገ ድምፅ ለመቅዳትም ይሆናል።

ጊታሩን በቀጥታ በላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ መሰካት ግን አይመከርም። ይጮኻል፣ ይታፈናል፣ ይዘገያል። አንድሮይድ ስልክም ብዙ ጊዜ መዘግየቱ ያስቸግራል፤ አይፎን በዚህ ይሻላል።

ከመጫወት በፊት ኮምፒውተር መክፈት፣ አፕዴት መጠበቅ፣ ድራይቨር መፈለግ አለ። ሥራ ውሎ ማታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚጫወት ሰው ብዙውን ጊዜ ይተወዋል።

ቤት ሞንታርቦ አለ። እሱ ላይ ብሰካውስ?

በቀጥታ ከሰካችሁት ሁለት ነገር ይደርስባችኋል። አንደኛ፣ የጊታር ምልክት ደካማ ስለሆነ ለጊታር ያልተሠራ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋና ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ዲስቶርሽን ፔዳል (ድምፁን ሻካራ የሚያደርገውን) ካስገባችሁ ንብ እንደተቆጣ ይጮኻል። ምክንያቱም የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በተፈጥሮው ይቆርጣል፣ ሞንታርቦ ግን ሁሉንም ያወጣል።

በመሃል ሞዴሊንግ ፔዳል ካስገባችሁና የካቢኔት ማስመሰያው (የጊታር ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስለው) ከበራ ግን ሞንታርቦው አሪፍ አምፕ ይሆናል። ስፒከር አላችሁ ማለት ነው፣ አምፕ አትግዙ፣ ፔዳል ግዙ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ለመጫወት የትኛው ሳውንድ ይሻላል?

ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ፤ ዕቃው ሲሠራ እኛን አስቦ አይደለምና።

መጀመሪያ ከፋብሪካ ተሞልተው የሚመጡትን ሳውንዶች እርሷቸው። ሱቅ ውስጥ ሰው ለማስደመም የተሠሩ ናቸው፤ ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት) የበዛባቸው፣ ዲስቶርሽን የተጫናቸው። ክሊን (ንጹሕ) የሚለውን ምረጡ። ቤዝ፣ ሚድል፣ ትሬብል ሁሉንም መሃል ላይ አድርጉ። ሪቨርብ ትንሽ ጨምሩ። ከዚያ ጀምሩ።

የእኛ ጊታር አጨዋወት ብዙው ከክራር የመጣ ነው፤ ነጠላ ኖታ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመታ፣ ቶሎ የሚታፈን። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም ያለበትን ቀረጻ ከፍታችሁ ጊታሩን ብቻ ተከትላችሁ ስሙ። ከዕቃው ይልቅ ጣቱ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ አጨዋወት ድምፁ ከተድበሰበሰ ይሞታል። ስለዚህ ሚድሉን ከፍ፣ ሪቨርቡን ዝቅ።

ዲስቶርሽን ክልክል አይደለም፣ ግን ተጠንቀቁ። አንቺሆዬና አምባሰል ውስጥ እርስ በርስ የሚጠጉ ኖታዎች አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ በዲስቶርሽን ከመታችኋቸው ድምፁ ይፋጫል። ነጠላ ነጠላ ከሆነ ግን ያምራል፤ የዋሽንት ያህል ይረዝማል።

ዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመውን) ከተጠቀማችሁ ከምቱ ጋር አግጥሙት። ታፕ የሚል ቁልፍ ካለው በእግራችሁ ምቱን ምቱለት። የከበሮ ምት ያላቸው ዕቃዎች አብዛኛው ለሮክና ለፖፕ የተሞሉ ናቸው፤ ቺክቺካ ብላችሁ ብትፈልጉ ስድስት ስምንተኛ የሚመስል ነገር ብታገኙ ዕድለኛ ናችሁ። እኔ የምመክረው ሉፐሩን ነው። የጊታሩን ክር አፍናችሁ ቺክቺካውን ራሳችሁ ምቱ፣ ቅዱት፣ በላዩ ላይ ተጫወቱ። ወይም ከስልክ ምቱን ወደ አምፑ ላኩ። አምፕ ስትገዙ የስልክ መግቢያ ወይም ብሉቱዝ ይኑረው ያልኩትም ለዚህ ነው... አላልኩም እንዴ? እንግዲያው አሁን አልኩ።

ክራር ወይም ቤዝ ጊታር ብሰካበት ይበላሻል?

ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ያለው ክራር አይጎዳውም። ክሊን ላይ ወይም አኩስቲክ የሚል ካለው እዚያ ላይ አድርጉት፣ ትሬብሉን ቀንሱ። ቤዝ ጊታር ዝቅ ብሎ ከሆነ ችግር የለውም። ከፍ ካደረጋችሁት ግን ትንሹ ስፒከር አይችለውም፣ ይቀደዳል።

ግርር የሚል ድምፅ አለው። ተበላሽቷል?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ክሩን በእጅ ስትነኩት ከቀነሰ ጤነኛ ነው። ከላፕቶፕ ቻርጀርና ከቴሌቪዥን ራቁ፣ ወንበራችሁን አዙሩ፤ አንዳንዴ ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞር ብቻ ዝም ያሰኘዋል። ጃኩንም ቀይሩና ሞክሩ፣ ግማሹ ችግር ከርካሽ ጃክ ነው። የአከራይ ቤት ሶኬትም ግራውንድ የሌለው ሊሆን ይችላል፣ ዲቫይደሩም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን አትለፉት። ክሩን ስትነኩ ከነዘራችሁ ወዲያው ንቀሉ። "ትንሽ ነው" አይባልም። ኤሌክትሪሽያን ሳያየው መልሳችሁ አትሰኩት።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

የራሳችሁን ጊታርና ጃክ ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉንም ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዙሩ፤ ካንኮሻኮሸ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፣ ዋጋ ግን ቀንሱበት። የጊታር መግቢያውን ነቅነቅ አድርጉ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ መበየድ ይፈልጋል። የባትሪ ቤቱን ክፈቱ። ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ፈስሶ ከሆነ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ታያላችሁ፤ ያኔ በአዳፕተር ብቻ ነው የሚሠራው ብላችሁ ተደራደሩ። ሄድፎን ሰክታችሁ በሁለቱም ጆሮ መስማቱን አረጋግጡ። አዳፕተሩ የራሱ ነው ወይ? ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ደግሞ ከሶኬት ነቅላችሁ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት። ሻጩ ከቸኮለ ተዉት፣ ሌላ ይመጣል።

በቴሌግራም አይታችሁ ሳትሰሙ ብር አትላኩ።

ትንሹን አምፕ ቸርች ወይም መድረክ ልወስደው እችላለሁ?

ከበሮ ካለ አይሰማም። ግን ብዙዎቹ በሄድፎን ቀዳዳቸው በኩል ወደ ሚክሰር ሊገቡ ይችላሉ፤ የካቢኔት ማስመሰያ ስላላቸው ድምፁ አይከፋም። ቮልዩሙን ከዝቅተኛ ጀምሩ፣ ሳውንድ ማኑን አስቀድማችሁ አናግሩት፣ የሚያስፈልገውን ጃክ እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ተፈልጎ አይገኝም።